አክሱም «ወደ ምዕራቡ አልደረሰም»

ዛሬ የልጄ መምህርት አክሱምን ከክፍል አስወጣችው፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ «ኦኬ፣ ቴንኪው» አልኩ።

ልጄ እዚህ ባሕር ማዶ ስድስተኛ ክፍል ናት። «ጥንታዊ ሥልጣኔዎች ለምዕራቡ ዓለም ምን አወረሱ?» ለሚለው ፕሮጀክት የአክሱምን ሐውልት በካርቶን ሠርታ ነበር። ሳሎናችን እስካሁን ሙጫ ሙጫ ይሸታል።

መምህርቷ ፈገግ ብላ «ቆንጆ ነው፣ ግን ግሪክን ወይም ሮምን ትምረጥ። ይኼ ወደ ምዕራቡ አልደረሰም» አለችኝ።

አልደረሰም? የአክሱም ነገሥታት በወርቅ ሳንቲማቸው ላይ በግሪክኛ ያስጻፉት ታዲያ ለማን ነበር፣ ለሰፈር ጉልት?

ይህን ሁሉ በሆዴ አልኩት። እኛ ዘንድ መምህር ሲናገር ወላጅ አንገቱን ይደፋል። እሷ ግን አንገት መድፋቴን እንደ መስማማት ቆጠረችው።

ወደ ቤት ስንመለስ ፍሩትቬል በሚባለው ጣቢያ ባቡር ስንጠብቅ ልጄ ካርቶኑን አቅፋ በእንግሊዝኛ «ማሚ፣ አንቺም ኦኬ አልሻት እኮ» አለችኝ።

ያኔ ነው ደሜ የፈላው፤ በመምህርቷም በራሴም።

«ነገ ሐውልቱን ይዘን አብረን እንገባለን» አልኳት።

«ማን ሊያወራ?»

«እኔ። እንግሊዝኛዬ ሲሰበር አንቺ ትጠግኚዋለሽ።»

እናንተስ፣ ለመምህር አክብሮት ብላችሁ ዝም ስትሉ ልጃችሁ ታዝቧችሁ ያውቃል? ተመልሳችሁ ሄዳችሁ ምን አላችሁ? ጻፉልኝ፤ ጠዋት ከመግባቴ በፊት አነበዋለሁ።