የበረኛው ማልያ

ያረጁ የኳስ ማልያዎችን እሰበስባለሁ፤ ዘመዶቼ «ቡቱቶ ለቃሚ» ይሉኛል። መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ አያ ሙላት የሚባሉ የድሮ የአውራጃ በረኛ አገኘሁና ማልያቸውን እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው።

«በቁሜስ አልሰጥህም፤ ስሞት ና» አሉኝ።

ዘንድሮ አረፉ። ለቅሶ ስሄድ ስለ ማልያው ትንፍሽ ላልል ምዬ ነበር። በእኛ አገር የሟች ልብስና ዕቃ ከፍ ተደርጎ እየታየ ይለቀሳል፤ ጋቢያቸውም ዱላቸውም ተይዟል። ባለቤታቸው ጥግ መቆሜን አይተው ማልያውን ይዘው መጡ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«ዛሬ ለዚህ አልመጣሁም፣ እማማ» አልሁ።

«ሲጫወት ያዩት ሁሉ አልቀዋል» አሉ፣ ማልያውን እጄ ላይ እያኖሩ። «ስለ አንተ፣ ይህን ይዞ የሚያለቅስልኝ እሱ ነው ብሏል። ወደ መሃል ግባ።»