የረቡዕ መነጽር

አጎቴን ከቀበርን ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ የዋና መነጽሬን የሚወስድብኝ ሰው የለም።

ሁለታችንም ከሰበታ እየተነሳን አዲስ አበባ እንዋኝ ነበር፤ እኔ ለክለብ ውድድር፣ እሳቸው በአንጋፋዎች ምድብ። ረቡዕ የእረፍት ቀናችን ነበር። እኔ ግን ቁጭ ማለት ስለማልችል አጎቴ ጠዋት ቤታችን ይመጡና እጃቸውን ይዘረጋሉ። «አምጣ፣ ዛሬ ቦቆና ነው» ብለው፣ በኦሮምኛ እረፍት ማለታቸው ነው፣ መነጽሬን ኮት ኪሳቸው ከተው ይሄዳሉ። ሐሙስ ይመልሱልኝ ነበር።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ጊዜ ዓለም ገና ላይ መንገዱ ተዘግቶ ሳምንታት ቤት ዋልን። የጎረቤታችን ልጅ ታስሮ ነበር። ተኩስ በተሰማ ቁጥር፣ ያን ሰሞን እኛ ጋ ያድሩ የነበሩት አጎቴ ተነስተው የግቢውን በር ያዩ ነበር። መንገዱ ተከፍቶ ገንዳው ዳር እንደደረስን፣ «ጋሼ፣ ብዙ ስላረፍን ዛሬ እጥፍ እንስራ» አልኳቸው።

«ማን አረፈ?» አሉኝ። «ለመሆኑ እንቅልፍ ወስዶህ ያውቃል? ቤት መዋል ሌላ፣ ማረፍ ሌላ። የፈራ ሰው ሰውነቱ ቆሞ ነው የሚያድረው።»

ያን ቀን ጥቂት ብቻ ዋኘን። በማግስቱ ረቡዕ ባይሆንም መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። እየተነጫነጭኩ ሰጠኋቸው፤ ከሰዓት በኋላ ግን እንቅልፍ ጥሎኝ እስከ ማታ ተኛሁ።

ትናንት ረቡዕ ነበር። ቦርሳዬን ይዤ በር ላይ ትንሽ ጠበቅሁ። እጁን የዘረጋልኝ ስላልነበረ ሄጄ ዋኘሁ። ዛሬ ትከሻዬን እያመመኝ ነው።