የአፈ ንጉሥ ኛርኮ ማንቁርት

ባሌ ኛርኮ የናና አፈ ንጉሥ ነበር። ናና፣ የከተማችን ንጉሥ፣ በአደባባይ ራሱ አይናገርም፤ ለኛርኮ በሹክሹክታ ይነግረዋል፤ ኛርኮም የሹመት በትሩን ይዞ፣ ቃሉን አሳምሮ ለሕዝቡ ያደርሳል። ናና «እነዚህን ደደቦች አስወጣልኝ» ሲል ኛርኮ «ናና ስለ ድካማችሁ ያመሰግናል፤ በሰላም ግቡ» ይላል። ሕዝቡም ናናን እንዴት ያለ ጨዋ ነው እያለ ይሄዳል።

ማንቁርቱ ላይ ካንሰር ሲወጣበት ኩማሲ ከተማ ትልቁ ሆስፒታል ወስጄ በጨረር አሳከምኩት፤ ካንሰሩ ጠፋ። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ድምፁ እንደገና ሻከረ። ዶክተር አምፖማ በአፍንጫው ካሜራ አስገብታ አየችና በሽታው እዚያው ቦታ መመለሱን ነገረችን። ጨረሩን እዚያው ላይ ብትደግመው ጉዳቱ እንደሚያመዝን፣ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒትም ቢያዘገየው እንጂ እንደማይነቅለው አስረዳችን። ገና ስላልተሰራጨ ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ ቢወጣ የመዳን ተስፋ አለው። ግን ከዚያ ወዲያ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው፤ የዱሮው ድምፁም አይመለስም።

እኛ ዘንድ ሰው የእናቱ ወገን ነው፤ ሚስት እንግዳ ናት። ስለዚህ በባሌ አንገት ላይ ሊፈርዱ አጎቱ አጄኩምና ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ለአባቶች ትንሽ አረቄ መሬት ላይ ጠብ አድርገው የቀረውን ለራሳቸው አንቆረቆሩ። አጄኩም አካሉ የጎደለ ሰው ንጉሥ ፊት በትር አይዝም አለ፤ በትሩ ተነጥቆ ከቤታችን ከሚወጣ ኛርኮ ሙሉ ሰው ሆኖ ይሙት። ለዚህ ሙሉ ሰው የቀብሩን ድንኳንና የሙዚቃ ባንዱን ሳይቀር መርጦ ጨርሷል። ሆስፒታል አንድ ቀን ብቅ ብሎ አያውቅም። እንደ አጄኩም ለሬሳ ደግ የሆነ ሰው አላየሁም።

ከዚያ ኛርኮ ራሱ ይናገር ተባለ። ድምፁ ከጎኑ ላለ ሰው እንኳ አይሰማም፤ ስለዚህ እሱም አፍ ያስፈልገው ነበር። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«በትሬን አልሰጥም» አለኝ። «ተዉኝ፣ እንዲሁ ልሙት።»

ደሜ ፈላ። ይሄ ሁሉ ዓመት የሰው ክፉ ቃል ሲያቃና ኖሮ ለራሱ ሲሆን እንዲህ ያለ ጅል ነገር ይናገራል። ቀና ብዬ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ።

«ኛርኮ ወገኖቹን ስለ ፍቅራቸው ያመሰግናል» አልኩ። «ዶክተሯ ማንቁርቴን ታውጣው፣ በትሩን ለእህቴ ልጅ ስጡት፣ ከቤታችን አይውጣ ይላል።»

አጄኩም ወደ ኛርኮ ዞሮ እውነት እንዲህ ብለሃል ወይ አለው። ባሌ አየኝ። ዓይኑ ላይ ቁጣም ፍርሃትም ነበር። አፍ የሆነ ሰው ያደረሰው ቃል ጉባኤ ላይ አይካድም፤ ይህን ሕግ ሲያስከብር የኖረው ራሱ ነው። በትሩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው።

ማንቁርቱ ከወጣ በኋላ ለወራት ፊቱን አዞረብኝ። ሌላ ሰው ሲመጣ በእጁ ምልክት ያወራል፤ እኔ ስገባ እጁን ያጣጥፋል። ቆይቶ ዶክተሯ አንገቱ ውስጥ አየር ወደ ጉሮሮው የምታሳልፍ ትንሽ ቫልቭ አስገባችለት፤ ቀዳዳውን በጣቱ ሲደፍን መናገር ይችላል። ቤት እንደተመለስን የዘንባባ ፍሬ ሾርባ አቀረብኩለት። ሳህኑን ትቶ ጣቱን አንገቱ ላይ አደረገ።

«እንደዚያ አላልኩም» አለኝ። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ብላ።»

አንድ ማንኪያ ዋጠ። እንደገና ቀዳዳውን በጣቱ ደፈነና ጨው አንሶታል አለ። ጨው ላመጣ ብዬ ጓዳ ገባሁና እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።