ሁለት ሰው የሆኑት ወንድሜ

የልጅ ልጆቼ እንዲያውቁት ይህ በደል ይጻፍልኝ፤ ወንድም ጋሼን፣ አንዱን ሰው፣ ሁለት አድርገው ቆጠሯቸው።

ሥራቸው መድኃኒት በበሽተኛ ሰውነት ውስጥ የሚያደርገውን መመርመር ነበር። የውጭ መጽሔቶች የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚይዙ፣ ግማሹን ጥናት በወንድሜ በራሳቸው ስም፣ ግማሹን በአባታችን ስም አወጡት። የተመራማሪ ሥራ የሚቆጥረው ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ትንሽ የሠሩ ሁለት ሰዎች ሆነው ቀሩ።

ቡራዩ ውስጥ ጎረቤቴ ነበሩ። ሌላ ተመራማሪ ጥናታቸውን በጽሑፉ የጠቀሰ ቀን አመሻሽ ላይ መጥተው ደጄ ይቀመጡና፣ «ዛሬም አንድ ሰው አነሳኝ» ይሉኛል።

«ማንን? አንቱን ወይስ አባባን?»

«ዛሬስ አባባን ነው። ፊደል ሳይቆጥሩ ሊቅ ሆኑ እኮ!» ብለው ይስቃሉ።

እኔ አልስቅም። «የሰው ላብ ለሟች አይጻፍም! ሄደው ያስተካክሉ» እላቸዋለሁ።

«እሺ እቴ፣ መንገዱ ይከፈት።»

ጊዜው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ረብሻ ነበር። የአምቦ መንገድ ተዘግቷል፣ ኢንተርኔቱም አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ይጠፋል። መንገዱ ሳይከፈት አረፉ። ከከተማ አንድም ባልደረባ ለቀብራቸው አልደረሰም። አሁን ደጄ ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ። የሆነ አገር የሚያነሳቸው ቢኖርም መጥቶ የሚነግረኝ የለም።

መንገዱ ሲከፈት ይሠሩበት ወደነበረው ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። «እህታቸው ነኝ፤ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፣ አንድ አድርጉልኝ» አልኩ። ከቢሮ ቢሮ አመላለሱኝ። እምቢ ብዬ ስቆም፣ አንዲት ልጅ ኮምፒውተሩን ስታይ ቆይታ መለሰችልኝ።

«እማማ፣ ማስተካከል የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ራሳቸው ይምጡ።»