የደብረ ዘይት መውጫ

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በአሮጌው መንገድ ከአቃቂ ደብረ ዘይት፣ ከዚያም ሞጆና ናዝሬት ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እሱም አያውቀውም። ጡረታ ሲወጣ ትንሽ ነጭ መኪና ገዛ፤ መሪዋን ከእሱ በቀር ሰው ነክቶት አያውቅም። እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም ለእሱ ገና ተለማማጅ ነኝ።

ያን እሁድ ጠዋት ገላን ኮንዶሚኒየም መጥቶ ከብሎካችን ሥር ክላክስ ሲያደርግልኝ ቦርሳዬን ይዤ ወረድኩ። ደብረ ዘይት ታላቅ ወንድሙ ቤት ምሳ ተጠርተናል ብዬዋለሁ። ምሳው እውነት ነው። ያልነገርኩት፣ አጎቴ ሁለት ሽማግሌዎች ጠርተው እንደሚጠብቁት ነው፤ መንዳት ትቶ ቁልፉን እንዲያስረክብ ሊለምኑት። ዓይኑ ጥሩ እንዳልሆነ ሁላችንም ጠርጥረናል። ባለፈው ወር የገዛ ግቢውን በር ገጭቶ፣ "ይህን በር ማነው ያንቀሳቀሰው?" ብሎ የቤቱን ሰው ሁሉ ተቆጥቶ ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ሲባል ደግሞ "የታመመ ካለ ውሰዱት" ይላል።

አጎቴ ቀደም ብለው በስልክ፣ "ልጄ፣ ያለ ማስረጃ ከሆነ ይክዳል" ብለውኝ ነበር። "አንቺ አጠገቡ ተቀምጠሽ እዪና እዚህ ስትደርሱ መስክሪ።"

እኔም እሺ ብዬ፣ የገዛ አባቴን ልፈትን ጋቢና ገባሁ። ዛሬ ሳስበው ድፍረቴ ይገርመኛል፤ ያን ቀን ግን ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ላይ ሠራተኛዋ ካርድ ዘረጋችለት። እጁ ካርዱን አንድ ስንዝር ያህል ሳተው፤ ዳብሶ አገኘው። "ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ" አለ። ፀሐይ አልነበረችም። አንድ፣ አልኩ በልቤ።

መንገዱ ጠዋት ላይ ደስ ይላል። ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው፣ ወዲያ የየረር ጋራ፣ ላም የለ፣ ጋሪ የለ። ብቻ መመለስ የሚባል ነገር የለም። መሃሉ በብረት ታጥሯል፤ መውጫ ያመለጠው ሰው እስከሚቀጥለው መውጫ መሄድ ነው። አባቴ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ይነዳ ነበር። ጎማው ነጩን መስመር ይረግጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይረግጣል።

"አባዬ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ" አልኩት።

"መንገድ ልታስተምሪኝ ነው?" አለና ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ በአገጩ ወደ ቀኝ ጠቆመ። "እዪ እስቲ ዝቋላን! ዛሬ እንዴት አምሮበታል!"

ዞሬ አየሁ። ጥቅጥቅ ያለ ደመና ነው፤ ተራራው ከእግሩ እስከ ራሱ ተሸፍኗል። ለካ አባቴ የሚነዳው በትዝታው ነው! ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "በጣም አምሮበታል አባዬ" አልኩት።

እዚያው ማስቆም ነበረብኝ። "ጥግ ያዝ፣ እኔ ልንዳ" ማለት ስንት ቃል ነው? ግን አባትን "አታይም" ማለት አፌ እንቢ አለኝ። ደግሞም እልህ ነበረብኝ። የበሩን ነገር፣ የሐኪሙን ነገር ሁሉ አንድ ቀን እንኳ እንዲያምን ፈለግሁ። እልኸኛ ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት ግልጽ ነው።

የደብረ ዘይት መውጫ ሰሌዳ ከሩቅ ታየኝ። የቤት ግድግዳ ያክላል። ካነበበው የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ካላነበበው ለሽማግሌዎቹ የምናገረው አገኘሁ አልኩ። ፍሬቻ ያበራል ብዬ ጣቱን ጠበቅኩ። ጣቱ አልተንቀሳቀሰም። መውጫው በቀኛችን ተከፍቶ አለፈን፤ እኔም ዝም አልኩ።

ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ "ደብረ ዘይት ዛሬ ራቀችሳ" አለ።

"አልፈናታል" አልኩት። ድምፄ ውስጥ በነበረው ደስታ ዛሬም አፍራለሁ።

ፍሬን ያዘ። ጠርዙ ላይ አቆመና የኋላ ማርሽ አስገባ። በአሮጌው መንገድ ቦታ ያለፈው ሹፌር የሚመለሰው እንዲህ ነበር፤ እጁን በመስኮት አውጥቶ የሚመጣውን "ቆይ" ይላል፣ ወደ ኋላ ይነዳል፣ አለቀ። "አባዬ፣ እዚህ አይቻልም!" እያልኩት መኪናዋ ወደ ኋላ እየተንከባለለች ከጠርዙ ወጣች። በስፖኪዮ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ሲምዘገዘግ አየሁ።

"መኪና! ከኋላ መኪና! ፍሬን ያዝ!"

ያዘ። ተሳቢው ክላክሱን እያስጮኸ ወደ ግራ ተጠምዝዞ አለፈ፤ ነፋሱ መኪናችንን ናጣት። አባቴ ቀስ ብሎ ወደ ጠርዙ መለሳትና የእጅ ፍሬኑን ሳበ።

"ሰሌዳው ታይቶሽ ነበር?" አለኝ።

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"የምታይ መሆንህን ላረጋግጥ ብዬ።"

መሪውን ለቀቀ። "ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር" አለ።

ይነግረኝ ነበር? እንጃ። ግን አልጠየቅኩትም።

ወርዶ፣ ኮፈኑን በእጁ እየዳበሰ ዞሮ መጣ። እኔ ወደ መሪው ተሻገርኩ። አስሮት የማያውቀውን ቀበቶ አሰረ። በሞጆ ወጥተን በአሮጌው መንገድ ወደ ደብረ ዘይት ተመለስን።

አጎቴ ቤት ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። አንደኛው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አባቴ ቀደማቸው። "ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ምሳውን አቅርቡ።" ሰዎቹ ያዘጋጁት ምክር አፋቸው ውስጥ ቀረ። አጎቴ ወደ እኔ ዞረው፣ "መንገድ ላይ ምን አየሽ?" አሉኝ። አባቴ ቀና አላለም። "በሰላም ደርሰናል" ብቻ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ በፍጥነት መንገዱ ስንመለስ አባቴ በግራው መስኮት አቅጣጫ ዞሮ ዓይኑን አጠበበ።

"ዝቋላ ይታያል?"

"አይታይም አባዬ። ደመና ነው።"

"ጠዋትስ?"

"ጠዋትም ደመና ነበር።"

"በጣም አምሮበታል ብለሽኝ ነበር።"

"ዋሽቼህ ነው።"

ራሱን ነቀነቀ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ዞረ።

"በይ አሁን ያለውን ንገሪኝ" አለኝ።

እንባዬን በክንዴ ጠረግሁና ከፊታችን ካለው ሰሌዳ ጀመርኩለት።