ዳማ ፍሬን ስትይዝ የሚሰማው ድምፅ

ባለፈው ሰሞን መኪናዬን ዘይት ላስቀይር ወስጄ ነበር። የጋራዡ ልጅ ትንሽ ነዳትና ሲመለስ ፊቱን ቅጭም አድርጎ፣ «እትዬ፣ ፍሬን ስይዝ አንድ ነገር ቋ ይላል፤ ፈትሼ ላጥፋልዎት?» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እብድ ሳልመስለው አልቀረሁም። ምን ያድርግ፣ ልጅ እያለሁ ደባርቅ ላይ በዚሁ በ«ቋ» ሰበብ የእህቴ ሠርግ ሊቀር እንደነበር አያውቅም።

ዘመኑ ደርግ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ታከለ እኛው ግቢ እየኖረ፣ በአሮጌ ፒካፑ አንዴ ዳባት አንዴ ድብ ባሕር እህልና ጨው ያመላልሳል። ኋላዋ በሸራ የተሸፈነ፣ ቀለሟ የደበዘዘ ቀይ ነበር። «ዳማ» ብሎ የፈረስ ስም አውጥቶላታል። ጠዋት ጠዋት ሞተሯን ሲያስነሳት ግቢያችንን የሚሞላው የነዳጅ ሽታ ከእርጥብ ጭድ ሽታ ጋር ተደባልቆ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

እናቴ ዳማን አትወዳትም ነበር። ነገሩ ዳማን ሳይሆን ሊማሊሞን ነው የምትፈራው። ከደባርቅ ወደ ድብ ባሕር ሲወረድ መንገዱ በገደሉ ወገብ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው፤ እዚያ ላይ ሾፌር የሚተማመነው በፍሬኑ ነው። አንድ ጊዜ መስታወቱ ላይ ክታብ አንጠልጥላለት ጋሼ ታከለ በጥሶ መለሰላት። «እታለም፣ ሊማሊሞን የሚያወርደኝ ፍሬን እንጂ ክታብ አይደለም። ደግሞ የቀበሌ ሰዎች ቢያዩት መሳቂያ ታደርጊኛለሽ!» አላት። እሷም «እሺ፣ ይሁን» ብላ ተቀበለችው። እናቴ ቶሎ እሺ ስትል ነበር መጠርጠር።

ታላቅ እህቴ ትርንጎ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ተቀጠረ። ሙሽራው የድብ ባሕር ልጅ ነው። በእግር መንገዱ ተኩስ ስለማይጠፋ በበቅሎ መውረድ አይታሰብም፤ አውቶቡስም በሳምንት አንዴ ነው። ስለዚህ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር በሐሙሱ አውቶቡስ ወጥቶ ዘመድ ቤት ይሰነብታል፣ እሁድ ሙሽሮቹን ዳማ ታወርዳለች ተባለ። የይለፍ ወረቀቱም ለዚያች እሁድ ብቻ ተሰጠ። እዚህም ታችም ተደገሰ፣ ጠላው ተጠመቀ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ዳማ ፍሬን በያዘች ቁጥር ቋ ማለት ጀመረች።

ጋሼ ታከለ ቁርጡን ተናገረ። «ምን እንደሆነ ሳላውቅ ሙሽራ ጭኜ ሊማሊሞን አልወርድም።» ትርንጎ እንሶስላ የሞቀችበትን እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እናቴ ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ፣ «ሚካኤል አባቴ፣ ይሄንን ድምፅ አግኝልን እንጂ ጧፍ አገባልሃለሁ!» ብላ ተሳለች።

ጎረቤታችን መካኒኩ ኑሩ ተጠራ። መለዋወጫ ከጎንደር እስኪመጣ ወር የሚፈጅበት ዘመን ስለነበር ኑሩ ብዙውን ሥራ በጆሮው ነበር የሚሠራው። እኔን የጭነቱ ወለል ላይ አስተኝተው ጆሮዬን ጣውላው ላይ አስለጠፉኝና በገበያው ዳር ነዱ። ጣውላው ገብስ ገብስ፣ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ቋ! «ከየትኛው ጎማ ነው?» ብሎ ጮኸ ጋሼ ታከለ። «ከጎማ አይደለም፣ ከወንበሩ ጀርባ ነው!» አልኩ። «ኤዲያ! ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ ሳቀብኝ።

ክሪክ ገባ፣ አራቱም ጎማ ወለቀ። የፍሬን ሸራው ተዳሰሰ፤ ደህና ነው። ሸራው በሚያርፍበት ታምቡር ውስጥ ጠጠር ተፈለገ፤ የለም። ጎማው ተመልሶ ሲገጠም ድምፁም አብሮ ይመለሳል። ዓርብ እንዲሁ አለፈ። ሰፈርተኛው ሁሉ መካኒክ ሆነ፤ አንዱ ባሌስትራው ነው ይላል፣ ሌላዋ ቡዳ በልቷት ነው ትላለች። እኔም ያልኩትን የሚሰማኝ ስላጣሁ አኩርፌ የጭነቱ ሸራ ሥር ተኛሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኑሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ታከለ፣ እስቲ የኋላ ማርሽ አስገብተህ እየነዳህ ፍሬን ያዝ» አለ። ያዘ፤ ጸጥ። ወደ ፊት ነድቶ ያዘ፤ ቋ! ኑሩ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ፍሬኑ ቢሆን ወደ ኋላም ይጮህ ነበር። ይሄ ስትቆም ወደ ፊት የሚንከባለል ዕቃ ነው። ለመሆኑ ልጅቷ ድምፁ ከየት ነው ያለችው?» እኔም ከሸራው ሥር ብድግ ብዬ፣ «ከወንበሩ ጀርባ!» አልኩ።

ወንበሩ ተፈታ። ከጀርባው ባለው ጎድጓዳ ውስጥ፣ ከኋላዋ ባለ አሮጌ ጆንያና ከፊቷ ባለው ብረት መሀል፣ አንዲት የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ተጋድማለች። አፏ በሰም ተደፍኗል። ወገቧ ላይ የተበጠሰ የጨርቅ ማሰሪያ አለ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት። ያንን ጥለት የማያውቅ ከቤታችን አልነበረም፤ ከእናቴ የክት ነጠላ የተቀደደ ነው። ሁላችንም ዞረን እሷን አየናት።

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። «በስማም! እሷ ናት እንዴ የምትጮኸው?» አለች። ቆርቆሮዋ ውስጥ ያለው እምነት ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው የተባረከ አመድ። ለካ ጋሼ ታከለ ክታቡን በበጠሰ ማግስት ነው ወስዳ እዚያ ያሰረችለት። ጥለቱ በስንት ዓመት መንገድ እየተፈተገ ሳስቶ ሳስቶ ሐሙስ ዕለት ተበጠሰ።

ጋሼ ታከለ ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን መሬት ላይ ዘጭ ብሎ በሳቅ ፈረሰ። «ሚካኤልን የራስሽን ቆርቆሮ ነው የምታስፈልጊው?» እያለ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሳቁ ካለቀ በኋላም ግን እንባው አላቆመም። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች እሱን ያሳደገችው እናቴ ናት። አንገቱ ላይ የነበረውን ፎጣ አወለቀና ቆርቆሮዋን ጠቀለላት፤ ከዚያም በሽቦ አጥብቆ እዚያው አሰራት። «እታለም፣ እንዲህ ነው የሚታሰረው» አላት።

እሁድ ወረድን። ከኋላ ሴቶቹ ይዘፍናሉ፤ መታጠፊያ ሲደርስ ዘፈኑ ቀጥ ይላል፣ ሁሉም ጆሮውን ያቆማል፣ ጋሼ ታከለ ፍሬን ይይዛል። ጸጥ! ከዚያ እልልታው ይቀልጣል። ትርንጎ በሻሿ ሥር ትስቃለች። የቆላው ሙቀት ፊታችንን ሲነካን እልል ብለን ብለን ድምፃችን ተዘግቶ ነበር። እናቴም በማግስቱ፣ ስለት ስለት ነው ብላ፣ ጧፏን አስገባች።

ዛሬ የኔ መኪና የጎደላትን በመብራት ትነግረኛለች፤ ጣውላ ላይ ጆሮውን የሚለጥፍ ልጅ አያስፈልጋትም። እሰየው፣ አላማርርም። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ጋሼ ታከለ አርጅቶ ዳማን ሲሸጥ ቆርቆሮዋን ለኔ ሰጠኝ፤ «የዚያን ጊዜ የሰማሻት አንቺ ነሽ» ብሎ። ፎጣውንና ሽቦውን ፈትቼ በመኪናዬ በር ኪስ ውስጥ እንዲሁ ለቅቄያታለሁ።

የጋራዡን ልጅ «ተወው የኔ ልጅ፣ ፍሬኑ ደህና ነው» አልኩት። ያኔ ድምፁን ስንሰማ ነበር የምንደነግጠው። አሁን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዤ ቋ ካላለች፣ መኪናዬን ዳር አቁሜ በእጄ እፈልጋታለሁ።