ቅቤ የተቀባው ፈረስ

ተረፈ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የወደቀ ጊዜ ቡታጅራ ውስጥ ያላሾፈበት ሰው አልነበረም። "ስሙ ነው ያተረፈው" ይሉ ነበር። አዲስ አበባና ቡታጅራ በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ረዳት ነበር፤ ጆንያና የዶሮ ቅርጫት ሲጭን እግሩ ከዳውና ከነሸክሙ መሬት ላይ ተዘረጋ። ወጌሻ እግሩን ቢጠግነውም አንደኛው አጠረ። ከዚያ ወዲያ መሰላል መውጣት አልሆነለትም።

መኪና ግን ከልቡ አልወጣም። እናቱ ቤት ጓሮ ቁጭ ብሎ ከዋንዛ እንጨት ትናንሽ አውቶቡሶች መቅረጽ ጀመረ። ጎማቸው ከአሮጌ ጫማ ሶል፣ መብራታቸው ከጠርሙስ ቆርኪ ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ እያየ "ሞተር ብቻ ነው የጎደለው" ይል ነበር። ይህ ለተረፈ ከምግብ በላይ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ብርሃኔ ግን ደሙ ፈላ። ብርሃኔ መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። አንድ ቀን መጥቶ ጢም ያበቀለ ሰው በመጫወቻ ሲጫወት ማየት እንዳሳፈረው ነገረው፤ ቁርጡንም አስታወቀው። ለመስቀል ሲመለስ ተረፈን ሰው የሚያውቀው ሥራ ይዞ ካላገኘው፣ ወስዶ ሱቁ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሱቅ ለሌላው እድል ነው፤ ለተረፈ ግን የቁም እስር ነበር። "ሞቼ እገኛለሁ" አለ በልቡ። ለታላቅ ወንድም ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ግን በአገሩ የለም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተረፈ ይሠራበት የነበረው አውቶቡስ ባለቤት አቶ ሽፋ ወደ ጓሮው ብቅ አሉ። አዲስ አበባ ያለው ቢሮአቸው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ የአዲሱን አውቶቡሳቸውን አምሳያ እንዲሠራላቸው ፈለጉ። ካማራቸው የትልልቆቹን አውቶቡሶች ጎን የሚቀባላቸው እሱ ይሆናል፤ ለቀለም ጣሪያ መውጣት አያስፈልግም። ምልክታቸው የሚጋልብ ፈረስ ነው፤ አባታቸው በፈረስ የታወቁ ሰው ነበሩ። አስመራ የታተሙ ሁለት ትናንሽ የፈረስ ስዕሎችም ሰጡት፤ ውሃ ሲነኩ ከወረቀታቸው እየተንሸራተቱ የሚላቀቁ ዓይነት። ሌላ እንደሌላቸው ነግረውት ሄዱ።

ተረፈ ጥርሱን ነክሶ ሠራ። አውቶቡሱን ቀይና ክሬም ቀባው፤ ፈረሶቹንም እስትንፋሱን ይዞ ግራና ቀኝ ለጠፋቸው። እንዲህ ያለ ስዕል ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፤ ጥፍር ከነካው ይነሳል። ከላይ ጥርት ያለ የሚያብረቀርቅ ቨርኒሽ መልበስ አለበት፤ ያኔ ስዕሉና ቀለሙ አንድ አካል ይሆናሉ። ስለዚህ አውቶቡሱን በረንዳ ላይ ትቶ፣ አልጋ ሠሪው ካሳሁን ዘንድ ቨርኒሽ ሊለምን እያነከሰ ሄደ።

እናቱ ዘርፈሽዋል ከጓዳ ስትወጣ አየችው። አዲስ ነገር ከቤት ሲወጣ፣ ሙሽራም ሆነ ጥጃ፣ ቅቤ ሳይቀባ አይወጣም። ለዚያውም ፈረስ! አውራ ጣቷን ቅቤ ነክራ የሁለቱንም ፈረሶች ግንባርና ጀርባ በስሱ አበሰች፤ "መንገድህ ይቅና" ብላ መረቀችና ገበያዋን ሄደች።

ተረፈ ተመልሶ ቨርኒሹን ቀባ። ቨርኒሹ ፈረሶቹ ዘንድ ሲደርስ ሸሸ። ደግሞ ቀባው፤ ደግሞ ሸሸ፤ እዚያም እዚህም እየተሰበሰበ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ጎደጎደ። ካሳሁን የተበላሸ ቨርኒሽ የሰጠው መስሎት በንዴት አውቶቡሱን ታቅፎ ተመለሰ። ካሳሁን ሁሉን ሰምቶ ጨረሰና አፍንጫውን ወደ ፈረሱ አስጠጋ።

"ተረፈ፣ ይኼ አውቶቡስ ቅቤ ተቀብቷል" አለው።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ ተረፈ ግን አፍስሶ መልቀሙም ሊቀርበት ነበር። እቤት እንደደረሰ ጨርቅ አኳራጅ በሚሉት ቀለም ማቅጠኛ ነክሮ ቨርኒሹን መጥረግ ጀመረ። ቨርኒሹ ለቀቀ፤ ከቨርኒሹ ጋር የአንደኛው ፈረስ ጭራ ለቀቀ። ጨርቁን ጣለ። ጭራ የሌለው ፈረስ እያየ ሱቁ ታየው፤ ሚዛኑ፣ የጨው ከረጢቱ፣ ከኋላው ቆሞ የሚጠብቀው ወንድሙ። አለቀሰ፤ ዘርፈሽዋልም ከገበያ ስትመለስ እንዲሁ አገኘችው።

ቅቤው ያደረሰውን ጥፋት ሲነግራት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሊቆጣት ፈልጎ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን አቃተው።

"ፈረስ አይቼ ዝም ብዬ ልለፍ?" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ዓይኗን ከአውቶቡሱ ሳትነቅል፣ ቅቤ የነካው ነጠላ በምን እንደሚነጻ ጠየቀችው። ተረፈ ቀና አለ። በእንዶድ ነው፤ ማን የማያውቅ አለ?

እንዶዱን እሷ ወቀጠችው። እሱ ውሃውን ትቶ አረፋውን ብቻ በጥጥ እያነሳ ጠብ ጠብ አደረገ፤ ውሃ ከበዛ ስዕሉ እንደገና ይንሸራተታል። ቅቤው በጥቂት በጥቂቱ ለቀቀ። ከግልገል ፀጉር ቀጭን ቡርሽ ሠራ፤ በእንሰት ቃጫ አሰረውና ለጎደለው ፈረስ ጭራ ሣለለት። ቨርኒሹንም በዚህ ጊዜ አቅጥኖ፣ ፀሐይ ስትወጣ ብቻ፣ ስስ ስስ አድርጎ ደራረበው። እርጥበት ሲመጣ አውቶቡሱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ይገባል። ጎረቤት ይስቃል፤ እሱ አይሰማም።

መስቀል ደረሰ። ብርሃኔ ከአዲስ አበባ ገባ፤ በማግስቱ አቶ ሽፋ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡና አውቶቡሱን አነሱ። በጥፍራቸው ፈረሱን ፋቁ፤ ጥፍራቸው አልያዘም። አዙረው ሌላኛውን አዩ።

"የዚህኛው ጭራ ረዝሟል" አሉ።

አስመራ ሲታተም ነው ማለት ይችል ነበር። ወንድሙ ያየዋል፤ ሱቁም ከወንድሙ ኋላ ያየዋል።

"የአስመራው ጭራ በእኔ እጅ ጠፋ፤ ይኼ የእኔ ነው" አለ ተረፈ።

አቶ ሽፋ ጭራውን በጣታቸው ጫፍ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ከዚያ "የአባቴ ፈረስ ጭራ መሬት ይነካ ነበር" አሉ። "አስመራ ያለው ሰውዬ ይህን በምን ያውቃል።" በዓሉ ሲያልፍ ጋራዥ እንዲመጣና ትልልቆቹን ፈረሶች ሁሉ በዚህኛው ጭራ እንዲሥላቸው ነገሩት። ብርሃኔ አውቶቡሱን ተቀብሎ ጎማውን ሲያሽከረክር ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ፈካ።

ዘርፈሽዋል እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ጥግ ቆማ ነበር። ተረፈ አውቶቡሱን ከወንድሙ ወስዶ እያነከሰ ወደ እሷ ሄደ።

"እማ፣ ቅቤሽን አምጪ። አሁን ቅቢው።"

"ይበላሽብሃል ልጄ።"

"አሁን አይበላሽም። ለብሷል።"

አመጣች። ሁለቱንም ፈረሶች ቀባች፤ ተረፈ በመዳፉ ሲያብሰው ቅቤው ወጣ፣ ፈረሶቹም ከሥር አበሩ። ከጣቷ ላይ የቀረውን ቅቤ ግን አላባከነችም። መንገድ የሚወጣው አውቶቡሱ ብቻ አልነበረምና፣ የልጇን ግንባር ቀባችው።